ሰሙስ ደረሰን

ሰው በቀኝ እጁ ይበላል፤ በቀኝ እጁ ሰላም ይላል፤ በቀኝ እጁ ያማትባል። እኔ በቀኝ እጄ ተዋረድኩ። የተዋረድኩት ደግሞ ጓዳ ውስጥ አይደለም። ሞጣ ከተማ፣ በጥር ወር፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት ዳስ፣ ሁለት ሞንታርቦ መሃል ቆሜ ነው። ነገሩ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ቢሆንም አንዳንድ ሌሊት ጋደም ስል እጄ ራሱ ትዝ ብሎት የሚሸማቀቅ ይመስለኛል። ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ጊታር የሚመታ ሰው ስታዩ የምታዩት ግራ እጁን ነው። ልጅም አዋቂም ዓይኑ የሚንከራተተው የጊታሩ አንገት ላይ ከሚሯሯጡት ጣቶች ጋር ነው። ቀኙ ከታች አንዲት ፒክ ቆንጥጦ ይንቀጠቀጣል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ግራ እጅ ሙሽራ ነው፤ ቀኝ እጅ ወጥ ቤት። ሙሽራው ቢያምርም ባያምርም ሠርጉ ይሠረጋል፤ ወጡ ካረረ ግን አገር ሰባት ዓመት ያወራዋል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ሙሽራውን ሳስጌጥ ወጥ ቤቱን ረሳሁት።

ጊታሬ ከተማችን ቢቸና የገባችው በአክስቴ ልጅ ጀርባ ነው። አዲስ አበባ ቆይቶ ሲመለስ ለእናቱ ነጠላ፣ ለእኔ ጥቁር ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ መጣ። ስጦታ እንዳይመስላችሁ፤ «እስክመለስ አስቀምጥልኝ» ነው ያለኝ። አልተመለሰባትም። ጊታሯ መጣች እንጂ አምፕሊፋየር አልመጣም፤ ኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ ያለ አምፕሊፋየር የትንኝ ያህል ድምፅ የላትም። እቤት ማይክሮፎን መሰኪያ ያለው አሮጌ ቴፕ ነበረን። ከእሱ ጋር በጃክ አገናኘኋት። የወጣው ድምፅ ጉንፋን የያዘው አውራ ዶሮ ይመስል ነበር። የሮክ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የሚገዙትን ዲስቶርሽን እኔ በነፃ አገኘሁት ማለት ነው፤ ያውም መብራት እስኪሄድ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጊታሯ ወደ ትንኝነቷ ትመለሳለች።

ፒክም አልነበረኝም። የሞባይል ካርድ ፍቄ ሂሳቡን ከሞላሁ በኋላ ካርዱን በመቀስ ሦስት ማዕዘን አድርጌ እቆርጠው ነበር። ይታጠፋል። የሃይላንድ ጠርሙስ ቆረጥኩ፤ እሱም ይታጠፋል። ሳንቲም ሞከርኩ፤ ክር በጠሰብኝ። በኋላ ነው የክዊን ባንዱ ብሪያን ሜይ ዕድሜውን ሙሉ በድሮ የእንግሊዝ ሳንቲም፣ በስድስት ፔኒ፣ ሲመታ እንደኖረ ያወቅኩት። እኔ ሳንቲሙ ነበረኝ፤ የጎደለኝ ብሪያን ሜይነት ብቻ ነበር።

አያቴን እምዬ ነው የምንላት። እኔ ቴፑ ሥር ስፍጨረጨር እሷ በረንዳው ላይ ጥጥ ትነድፋለች። ጥጥ ሲነደፍ ያላየ ይኖር ይሆናል፦ ፍሬው በመዳመጫ ከወጣለት በኋላ ጥጡ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ጅማት የተወጠረበት ደጋን በላዩ ይያዛል፤ ጅማቱ በጣት ሲመታ እየተንቀጠቀጠ ጥጡን ያፈካዋል፤ የፈካው ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው አመልማሎ፣ አመልማሎው ፈትል። እምዬ መጀመሪያ ቀን ጊታሯን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ደጋኑስ ጥሩ ነው፤ ባዘቶው የታለ?» አለችኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ተቀየምኩ። እምዬ ዕድሜዋን ሙሉ የተወጠረ ነገር በቀኝ እጇ ስትመታ የኖረች ሴት መሆኗን ያን ቀን ማን ነግሮኝ!

ያሳበደኝ ካሴት ነው። ሰላም ስዩም ወልደማርያም በመጀመሪያ ከአይቤክስ፣ ኋላም ከነጆቫኒ ሪኮ ጋር በሮሃ ባንድ የመታው ጊታር ሰፈራችን ሻይ ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ይንቆረቆራል። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ጋር የቀረጸው «ኧረ መላ መላ» ሲመጣማ ሻዬ ይቀዘቅዛል። ሰው ዘፋኙን ይሰማል፤ እኔ ከዘፋኙ ጀርባ ያለውን ሰው እሰማለሁ። ቀጥሎ ጃኖ ባንድ መጣ። ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ ያደረገላቸውን «ኤርታሌ»ን ስሰማ አማርኛና ጩኸታም ጊታር እንደሚጋቡ አወቅኩ። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባል የለ? አየሁት። ከዚያ በኋላ ቀስ ያለ ነገር መምታት አስጠላኝ። ፍጥነት፣ ፍጥነት፣ ፍጥነት!

ምክር ጠየቅኩ። የጠየቅኩት ሁሉ የሰጠኝ መልስ አንድ ነው፤ እናንተም ገምታችሁታል፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሜትሮኖም ክፈት፤ 60 ላይ ጀምር፤ በደንብ ሲወጣልህ ትንሽ ጨምር፤ እንደገና ጨምር። ታዘዝኩ። በደቂቃ 60 ምት ከፍቼ በየምቱ አራት አራት ኖታ እመታለሁ። በሳምንት አራት ምት ገደማ እጨምራለሁ። በሦስተኛው ወር 110 ደረስኩ፤ በሰከንድ ሰባት ኖታ ገደማ መሆኑ ነው። እዚያው ቆምኩ። ከ110 ባለፍኩ ቁጥር ክንዴ ከክርኔ እስከ አንጓዬ እንደ ማገዶ ይደርቃል፤ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፤ ትንፋሼ ይቋረጣል። ወደ 100 እመለሳለሁ፤ እንደገና እወጣለሁ፤ እንደገና እደርቃለሁ። እንዲህ ስል አንድ ክረምት አለፈ። እንቁላሉማ በእግሩ ሄዷል፤ የሄደው ግን ወደ ሌላ መንደር ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ነበር፤ ያኔ ግን አልገረመኝም። አንድ ክር ላይ ብቻ ስመታ 160 ላይ እንኳ አይደክመኝም። በሰከንድ ከአሥር ኖታ በላይ! ክንዴ ለስላሳ፣ ትንፋሼ ሰላም። ወደ ሁለተኛው ክር የተሻገርኩ ዕለት ነው ጉዱ። ይህን እያየሁ «ልምምድ ያንሰኛል» እላለሁ። ሰው በሽታው ሲነግረው አይሰማም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ከሞጣ ተደወለ። የዘመድ ሠርግ አለ። የሚጫወተው ባንድ ጊታሪስቱ ቀርቶበታል። «ቢቸና አንድ ልጅ አለ፤ በጣም ፈጣን ነው» ያለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቢታወቅ ጥሩ ነበር።

ሚኒባሱ ላይ ጊታሯን ጋቢ አልብሼ ጭኔ ላይ አጋደምኳት። ረዳቱ ከላይ ልጫናት ቢለኝ ሁለት ፍየል አየሁና እንቢ አልኩ። አጠገቤ አንድ ቄስ ተቀምጠዋል። ደብረ ወርቅ እስክንደርስ ጋቢውን በጎን በጎን ሲያዩት ቆዩና፣

«ልጄ፣ ይኼ በገና ነው?» አሉኝ።

«የለም አባ፣ ጊታር ነው።»

«ስንት አውታር አለው?»

«ስድስት።»

ጥቂት አሰቡና «በገና አሥር ነው» አሉ። ከዚያም ያዘነልኝ በሚመስል ድምፅ፣ «አራት ጎድሎታል።»

ጉንደወይንን እስክናልፍ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገሩም። እኔም ያጣኋቸውን አራት አውታሮች እያሰብኩ በግራ በኩል የጮቄን ተራራ ሳይ ሞጣ ገባሁ።

የዚያ አገር ሽማግሌ ቀልድ እንዲህ ነው፤ አጭር ነው፣ ግን ይገባል። የቅኔ አገር ነው። ከቢቸና ብዙም የማይርቀውን ዲማ ጊዮርጊስን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ በዛብህን ያስተማሩበት በከንቱ አይደለም። በዚህ አገር ሰው ሰም ሰምቶ ወርቅ ሳይፈልግ አይተኛም። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዳሱ ሰፊ ነው። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ጄኔሬተሩ ከአጥር ውጭ ይጓራል፤ ጠጁ በብርሌ ይዞራል። ከባንዱ በፊት አንድ አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ዳሱን አነሳሳው። ሙሽራውን አመሰገነ፤ የሙሽራዋን አባት አመሰገነ፤ የወጥ ቤቱን ኃላፊ ሁለት ጊዜ አመሰገነ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ከዚያ እኛ ገባን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች በሰላም አለፉ፤ ኮርድ ብቻ ነበር የምመታው። በሦስተኛው ጨዋታው ሞቀ። ድራመሩ ጭፈራውን ሲያይ ምቱን አፈጠነው። እስክስታው ተቀጣጠለ። ዘፋኙ ዞር ብሎ አየኝና በማይክ «ጊ-ታ-ር!» አለ።

ፊት ለፊት ወጣሁ። ግራ እጄ ዝግጁ ነው፤ ሦስት ዓመት ተዘጋጅቷል። ጀመርኩ። የመጀመሪያው ክር አለፈ። ሁለተኛው ላይ ክርኔ መድረቅ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደረሰ። አራተኛው ላይ እጄ በሙሉ ተቆለፈ፤ ጣቶቼ ፒኳን ልቀቁ ያላቸው ሳይኖር ለቀቁ። ፒኳ ያኔ እውነተኛ ፒክ ነበረች፤ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ የገዛኋት፣ ቢጫ። በዳሱ ብርሃን ተገለባብጣ ስትበር አየኋት። ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብርሌ ውስጥ ጥልቅ አለች።

ድራመሩ ቀጥሏል። ቤዙ ቀጥሏል። እኔ ባዶ እጄን ክሩ ላይ እያሻሸሁ ነው። ሽማግሌው ሳይቸኩሉ ብርሌውን ወደ ብርሃን አነሱት፤ አዩት፤ ሁለት ጣት ከተው ፒኳን አወጧት።

«ሰፈፍ መስሎኝ» አሉ ለጎናቸው ላለው ሰው። ከዚያ ቀና ብለው ወደ እኔ፣ ዳሱ በሙሉ እንዲሰማ፣

«ሰሙስ ደረሰን። ወርቁ መቼ ነው?»

ዳሱ ፈረሰ ብል ማጋነን አይሆንም። ሙሽራዋ ራሷ ሳቀች፤ የሠርጓን ቀን እንዳታለቅስ በማድረጌ አንድ ሰው ሊያመሰግነኝ ይገባ ነበር። ጄኔሬተሩ ያን ጊዜ ቢጠፋ ዕዳዬን ይሸፍንልኝ ነበር፤ ቢቸና ላይ በየቀኑ የሚሄደው መብራት ሞጣ ላይ የጨከነብኝን ያህል ግን ማንም አልጨከነብኝም። ያዳነኝ አዝማሪው ነው። ዘሎ ገብቶ መሰንቆውን አነሳና ጨዋታውን ቀጠለ። አዝማሪ ግን በነፃ አያድንም፤ ሒሳቡን ወዲያው ተቀበለ፦

ከቢቸና መጣ ስድስት ክር አዝሎ፣
አንዱን ሳይሻገር ቀረ ተንጠልጥሎ።

የአርበኛው የበላይ ዘለቀ አገር ሰው ሆኜ በጣት ጥፍር በምታክል ፕላስቲክ ተማረክሁ።

በማግስቱ መናኸሪያ አካባቢ ቡና ስጠጣ አዝማሪውን አገኘሁት። ገና ሳየው ልሸሽ ፈልጌ ነበር፤ እሱ ግን አጠገቤ ተቀመጠና ቡናዬን ከፈለልኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ሲመቱ አልደከምዎትም» አልኩት።

«ተው ጃል፤ የኔና ያንተ ምን ያገናኘዋል? የኔ አንድ ክር ነው። የምሻገረው የለኝም።»

ይህን ያለው እኔን ለማስተማር አይደለም፤ ትሑት ስለሆነ ነው። ቡናውን ፉት አለና ሌላ ወሬ ጀመረ። እኔ ግን ቃሉ ውስጤ ቀረ። የምሻገረው የለኝም።

ሞጣ ሆኖ መሻገር ሲባል ደግሞ ሰባራ ድልድይ ትዝ ሳይለው የሚቀር የለም። ጎጃምንና በጌምድርን በዓባይ ላይ የሚያገናኘው ያ የድንጋይ ድልድይ በፋሲለደስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ እንደተሠራ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር፦ በዚህ ማዶ ያሉ ጎረምሶች ይለቃሉ፣ በዚያ ማዶ ያሉት ይጎትታሉ፣ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ዓባይን ከበታቹ እያየ ይጸልያል። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ሰዎች እንዲህ ሲሻገሩ የሚያሳይ ፎቶ መጽሔት ላይ አይቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱን ለመሙላት እስኪመጣ ድረስ እንዲህ ነበር። የአዝማሪው «ተንጠልጥሎ» ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ። የሞጣ ሰው ያን ቃል ሲሰማ የሚያየው ሥዕል አለ።

የኔም እጅ ሥራው ይኸው ነበር። ድልድዩ ዳርና ዳር አለ፤ መሃሉ የለም። አንዱን ክር በደህና እመታለሁ፤ ሌላውንም በደህና እመታለሁ፤ ከዚህ ወደዚያ የሚያሻግረኝ ግን አልነበረኝም። በጡንቻ ጉተታ ነበር የምሻገረው።

ቢቸና ከተመለስኩ በኋላ ሦስት ሳምንት ጊታሯን አልነካሁም። በረንዳ ላይ ተቀምጬ እምዬን አያለሁ። ሥራ ፈት ሰው የሚያየው አያጣም። እጇን ልብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። ደጋኑን በግራ ይዛዋለች፤ የቀኝ ክርኗ ጉልበቷ ላይ አርፏል፤ ትከሻዋ እንቅልፍ ላይ ነው። የሚሠራው አንጓዋ ብቻ ነው። ጣቷ ጅማቱን ሲያገኘው አይዘገይም፤ ይመታውና ወደ ውጭ፣ ወደ አየር ያመልጣል። ጅማቱ «ዝዝዝ» እያለ ሲንቀጠቀጥ ጣቷ እዚያ የለም። ቢኖር ያንቀው ነበር፤ ጥጡም አይፈካም። ሲመለስም በሌላ መንገድ፣ በላይ በኩል ይመለሳል። ምት ሳይሆን መውጫ ነው ያየሁት። እምዬ ግን ማየቴ አልጣማትም።

«ምን ታፈጥብኛለህ? እጄን በዓይንህ ልትበላው ነው?»

«የለም እምዬ፤ እየተማርኩ ነው።»

«ወንድ ልጅ ጥጥ ንደፋ ይማራል? በል ተነሳ፣ ውኃ አምጣ።»

ውኃውን አመጣሁ፤ ጊታሯንም አመጣሁ።

ያየሁት ነገር በወግ የተብራራልኝ ግን ዘግይቶ ነው። ትሮይ ግሬዲ የሚባል አሜሪካዊ ጊታሪስት ካሜራ ጊታር ላይ አስሮ የፈጣን ሰዎችን ቀኝ እጅ በዝግታ እያጫወተ አሳይቷል። ነገሩ በአማርኛ እንዲህ ነው። ፒኩ ከክሮቹ ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ታችና ወደ ላይ ብቻ ከተመላለሰ ሁለት ክር መሃል ይታሰራል፤ ወደ ታች ቢመታ ያው በክሮቹ መሃል ነው፣ ወደ ላይ ቢመታም ያው ነው። ወደ ሌላ ክር ለመሄድ ከዚያ ጉድጓድ መዝለል አለበት። ዝላዩን የሚያዘልለው የክንድ ጡንቻ ነው። በሰከንድ ሦስትና አራት ኖታ ከሆነ ይችለዋል፤ ሰባትና ስምንት ኖታ ሲሆን ትኩስ ምጣድ ላይ እንደወጣች ዶሮ ይሆናል። የኔ 110 ግድግዳ ይኸው ነበር። በ60 ስለማመድ የተለማመድኩት መዝለልን ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ ጎበዝ ዘላይ ሆንኩ።

መፍትሔው የእጁን ጉዞ ትንሽ ሰያፍ ማድረግ ነው። ወደ ታች ሲመታ ፒኩ ወደ ክሮቹ መሃል ይገባል፤ ወደ ላይ ሲመታ ግን ከክሮቹ በላይ ወደ አየር ይወጣል። ወጣ ማለት ነፃ ነው፤ ወደፈለገው ክር ይወርዳል፤ ዝላይ የለም። የዚህ ዋጋው አንድ ሕግ ነው፦ ክር የምትለቀው ወደ ላይ በመታህበት ምት ላይ ይሁን። ያም ማለት በየክሩ ላይ የሚመታው ኖታ ተጋማሽ ቁጥር፣ ሁለት ወይም አራት፣ ይሁን ማለት ነው። ስዊድናዊው ኢንግቪ ማልምስቲን እንደዚህ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1928 በእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ክፉኛ የተጎዱበት ጃንጎ ሬይንሃርትም ቀኙ በዘዴ የሚሠራ ስለነበር አልቆመም፤ አዲስ ክር ላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ይመታ ነበር።

አሁን ወንበራችሁን ያዙ። የኛ ቅኝት ስንት ድምፅ ነው? አምስት። ትዝታ አምስት፣ ባቲ አምስት፣ አምባሰል አምስት፣ አንቺ ሆዬ አምስት። አምስት ድምፅ ጊታር ላይ ሲዘረጋ በየክሩ ስንት ይደርሳል? ሁለት። የትዝታን ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ከአምስተኛው ፍሬት ጀምራችሁ ዘርጓት፦ ወፍራሙ ክር ላይ አምስትና ስምንት፣ ቀጥሎ አምስትና ሰባት፣ ቀጥሎ አምስትና ሰባት፣ ቀጥሎ አምስትና ሰባት፣ ቀጥሎ አምስትና ስምንት፣ ቀጭኑ ክር ላይ አምስትና ስምንት። ስድስት ክር፣ አሥራ ሁለት ኖታ፣ ሁለት ሁለት። ታች ላይ፣ ታች ላይ፣ ታች ላይ። ክር በተለወጠ ቁጥር እጄ ቀድሞውኑ አየር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው አልበሙ ላይ «ክሊፍስ ኦፍ ዶቨር»ን የመታው ቴክሳሳዊው ኤሪክ ጆንሰን አምስት ድምፅ ባለው ስኬል እንደ ውኃ የሚፈሰው በዚሁ መንገድ ነው። የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ሲጎድለኝ የማማርረው እኔ፣ ቅኝቴ ራሱ ድልድዩን ሠርቶ ሰጥቶኝ ኖሯል። ድልድዩ ላይ ቆሜ ገመድ ጎትቱኝ እያልኩ እጮህ ነበር።

የሚገርመው፣ ክራር መቺዎች ይህን ያውቁታል። ክራር ሁለት ዓይነት አለው፦ ድርድሩ በጣት እየተለቀመ ይመታል፤ ግርፉ በመግረፊያ ሁሉንም አውታር ጠርጎ ያልፋል፤ የማይፈለገውን ድምፅ ግራ እጅ ያፍነዋል። ግርፍ ላይ ከአውታር አውታር የሚዘል የለም፤ እጁ ገብቶ በሌላ ጎን ይወጣል። የአሜሪካው ዲክ ዴል «ሚሲርሉ»ን እ.ኤ.አ. በ1962 ሲመታ ያ መንቀጥቀጥ የመጣው ከሊባኖሳዊ አጎቱ ሙዚቃ ነው፤ ዜማውም በአብዛኛው እንደ አዝማሪዬ አንድ ክር ላይ ነው የሚሮጠው።

ለሚጀምር ልጅ ያለኝ ምክር ከተነገረኝ ይለያል። መጀመሪያ ቀስ በል አልልህም። መጀመሪያ አንድ ክር ላይ፣ አምስት ሰከንድ ብቻ፣ እጅህ በሚችለው ፍጥነት አንቀጥቅጠው፤ ደንደን ካላለ ልክ ነው፣ ካለ የፒኩን አያያዝና አቅጣጫ ቀይር። ክርንህን አሳርፍ። ፒኩን ቆንጥጥ እንጂ አትጨብጥ፤ ከጣቶችህ ተሻግሮ የሚታየው ጫፍ ትንሽ ይሁን። ሲለሰልስልህ ሁለተኛ ክር ጨምር፤ ሁለት ኖታ እዚህ፣ ሁለት ኖታ እዚያ፣ ሁልጊዜ ወደ ላይ መትተህ ውጣ። ከዚያ በኋላ ነው ቀስ የሚባለው፤ ትክክለኛውን ነገር ቀስ በል። እንቁላሉ በእግሩ ይሄዳል፤ መንገዱን ግን ቀድመህ አሳየው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ያው ጥር ላይ፣ ሌላ ሠርግ ተገኘና ሞጣ ሄድኩ። ጨዋታው ሲሞቅ ዘፋኙ ያችኑ «ጊ-ታ-ር» አለ። ወጣሁ። ሁለት ሁለት፣ ታች ላይ፤ ስድስቱንም ክር ተሻግሬ ተመለስኩ። ትከሻዬ ከጆሮዬ ርቆ፣ ትንፋሼ በቦታው። ፈጣን ነበር ብዬ አልፎክርም፤ በደቂቃ 140 ነበር። ግን ተሻገርኩ። ዳሱ አጨበጨበ፤ ማጨብጨቡን ግን በደንብ አላየሁትም። ዓይኔ ከፊት ረድፍ ነበር።

ሽማግሌው እዚያው ተቀምጠዋል። ከፍም ዝቅም ሳይሉ ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሶሎው ከተጀመረ እስኪያልቅ ድረስ ግን ቀኝ እጃቸው ብርሌው አፍ ላይ ነበር። እስከ ዛሬም እኔ ጊታር ከያዝኩ ይከድኑታል።